በነፃ በወረደ ሶፍትዌር እንጀራ ለምትበሉ ወጣቶች

የብዙዎቻችሁ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይሄ ሶፍትዌር ሊሞት ነው ይላሉ፤ ልማረው ወይስ ይቅርብኝ?» የሚለዋወጠው ስሙ ብቻ ነው። ሁሉም ድረ ገጽ መሥሪያና ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች ናቸው፤ አንዱ ስለ ጁምላ ይጠይቃል፣ ሌላው ስለ ድሩፓል፤ ሰሞኑን ደግሞ ወርድፕሬስም ሳይቀር ተጨምሯል። ድረ ገጽ በመሥራት፣ ከዚያም በላይ ሌላ ሰው ሠርቶት የሄደውን በመጠገን ጸጉሬ የሸበተ ሰው ስለሆንኩ ቁርጥ ያለ መልስ ትጠብቃላችሁ። አልሰጣችሁም። ጥያቄውን ብትቀይሩት ግን ይሻላችኋል። ሶፍትዌሩ ስንት ዓመት ይኖራል ማለቱን ተዉትና፣ ዛሬ ሌሊት ቀዳዳ ቢገኝበት ማን ተነስቶ ይደፍነዋል፣ ያ ሰውስ ቀለቡን ከየት ያገኛል ብላችሁ ጠይቁ።

ኮዱማ አይሞትም። የክፍት ምንጭ ፈቃድ ማንም ወስዶ እንዲቀጥልበት ስለሚፈቅድ ጀማሪው ቢጠፋም ሥራው ሜዳ ላይ አይቀርም። ወርድፕሬስ ራሱ የተወለደው እንዲህ ነው። (ዓመቱንም፣ ወሩንም፣ ቀኑንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቢቱ የሚባል ሶፍትዌር ነበር፤ ባለቤቱ ሥራውን ሲተወው በ2003 ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል ኮዱን ወስደው በአዲስ ስም ቀጠሉት። በዓመቱ፣ ያኔ ገናና የነበረው የብሎግ መሥሪያ ሙቨብል ታይፕ የፈቃድና የዋጋ ደንቡን ሲለውጥ የተቆጣው ተጠቃሚ ወደዚህ አዲስ ልጅ ጎረፈ። በ2005 ደግሞ ማምቦ የተባለው ሌላ የድረ ገጽ መሥሪያ ገንቢዎች ከባለቤቱ ኩባንያ ጋር ባለመስማማት ጥለው ወጡ፤ ኮዱን ይዘው ስለወጡ ጁምላ ተፈጠረ። ስለዚህ «ባለቤቱ ቢተወው ምን ይውጠናል» የሚለው ፍርሃት ግማሹ ከንቱ ነው።

ግማሹ ግን እውነት ነው። የሚጠብቀው የሌለ ኮድ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጽሑፍ ነው። እነዚህ ሶፍትዌሮች የተጻፉበት ፒኤችፒ የተባለው ቋንቋ አዲስ ስሪት ያወጣል፣ ብራውዘሩ ትናንት የፈቀደውን ዛሬ ይከለክላል፣ ሰርጎ ገቡም አይተኛም። ኮዱ ሳይነካ እንደነበረ ቢቀመጥም በዙሪያው ያለው ሁሉ ስለሚለወጥ ይበላሻል። ለጀማሪ ይህን ማስረዳት ሁልጊዜ ይከብደኛል፤ «ምንም ሳልነካው ለምን ቆመ?» ይለኛል። ስላልነካኸው ነዋ የቆመው!

በ2014 ይፋ የወጣውን፣ ሃርትብሊድ የተባለውን የደኅንነት ቀዳዳ ዝርዝሩን የማታውቁት ትኖራላችሁና ልንገራችሁ። ኦፕንኤስኤስኤል በብራውዘርና በሰርቨር መካከል የሚመላለሰውን መረጃ የሚያመሰጥር ሶፍትዌር ነው። ሁለቱ ወገኖች መስመሩ አለመቋረጡን ለማረጋገጥ አጭር መልእክት ይላላካሉ፤ አንዱ «ይህን ቃል መልስልኝ፣ ርዝመቱ ይህን ያህል ነው» ይላል፣ ሌላው ይመልሳል። ኦፕንኤስኤስኤል ርዝመቱን እንደተነገረው ይቀበል ነበር እንጂ በትክክል ከመጣው ቃል ጋር አያመሳክርም። እናም አራት ፊደል ልኮ «64 ኪሎባይት ነው» ላለ ሰው፣ አራቱን ፊደል መልሶ የቀረውን ከጎኑ ሜሞሪ ውስጥ ካገኘው ይሞላለታል፤ የይለፍ ቃል ይሁን፣ የምስጢር ቁልፍ ይሁን፣ ያገኘውን። መጉደሉ የታወቀው አንዲት የማመሳከሪያ መስመር ናት። ስህተቱ በ2012 ከወጣው ስሪት ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ኖሯል። ነገሩ ሲፈነዳ ዓለም የሰማው ሌላ ዜናም አለ፦ በዚህ ሶፍትዌር ላይ ሙሉ ጊዜውን የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በልገሳ የሚገባው ገንዘብ ደግሞ በዓመት 2,000 ዶላር ገደማ። ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ ትልልቆቹ የኢንተርኔት ኩባንያዎችም በዚሁ ኮድ ላይ ተኝተው ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የክፍት ምንጭ ሥራዎችን የሚደግፈው ሊኑክስ ፋውንዴሽን ኩባንያዎቹን አስተባብሮ ገንዘብ ያሰባሰበው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን የማነሳው ሰዎቹ ንፉጎች ናቸው ለማለት አይደለም። እኔ በጀት ሲሠራ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ለሆስቲንግ ይመደባል፣ ለዶሜይን ይመደባል፣ ለዲዛይነር ይመደባል። ድረ ገጹን ቀጥ አድርጎ ለያዘው ሶፍትዌር ግን መደብም የለው፤ ምክንያቱም ደረሰኝ ልኮ አያውቅም። የሂሳብ ክፍል ደግሞ ደረሰኝ ላልላከ አይከፍልም። «እንለግስ» ስትሏቸው «በየትኛው መደብ? ኦዲተር ቢጠይቅስ?» ይሏችኋል፤ ጥያቄያቸውም ትክክል ነው። እናንተ ነገ እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ልገሳ የሚለውን ቃል አታንሱ። «የዓመት አባልነት ክፍያ»፣ «የድጋፍ ውል»፣ «የደኅንነት ጥገና» ብላችሁ አቅርቡት። ለምትሠሩለት ደንበኛም ከመጀመሪያው ቀን በዋጋ ማቅረቢያችሁ ላይ አንድ መስመር አስገቡ፤ ከዓመታዊ የጥገና ክፍያው ይህን ያህሉ ለሶፍትዌሩ ማኅበር ይሄዳል የሚል። ሲሠራበት ያየሁት መንገድ ይህ ነው። ከተማሪ ቤት ጀምሮ የምንሰማው «ማኅበረሰቡ ይተባበራል» የሚለው ንግግር ግን ለማንም የቤት ኪራይ ሲከፍል አላየሁም።

መጠኑ እንዲታያችሁ ደግሞ፣ በ2024 ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ያሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ግምት፣ በሰፊው የሚሠራበትን ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር እንደገና አንድ ጊዜ ለመጻፍ የሚያስፈልገው 4.15 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ እያንዳንዱ ድርጅት ለየራሱ ልጻፍ ቢል ግን 8.8 ትሪሊዮን ዶላር ይፈጃል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ሁላችንም በጋራ የምንበላው ነው፤ ያንን እርሻ የሚያርሱት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በጎ ምሳሌም አለ። የድረ ገጾች አብላጫ የሚሠራበት የፒኤችፒ ቋንቋ ለዓመታት በጣም ጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ነበር። ከነሱ አንዱ ኒኪታ ፖፖቭ በ2021 ወደ ሌላ ሥራ መዛወሩን ሲያሳውቅ ብዙዎች ደነገጡ። ድንጋጤው ግን ሥራ ሠራ፦ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኩባንያዎች ተሰባስበው የፒኤችፒ ፋውንዴሽንን አቋቋሙ፤ ለገንቢዎቹም መክፈል ጀመረ። የጀርመን መንግሥትም በ2022 ለእንዲህ ዓይነት መሠረታዊ ሶፍትዌር የሚሆን የሶቨሪን ቴክ ፈንድ ጀምሯል። የአውሮፓ ኅብረት የሳይበር ደኅንነት ሕግ ደግሞ ዋና ግዴታዎቹ ከታኅሣሥ 2027 ጀምሮ ይጸናሉ፤ ምርት የሚሸጠው ድርጅት በውስጡ ለከተተው ክፍት ምንጭ ኮድም ኃላፊ ይሆናል። እንደኔ ግምት ከልመናው ይልቅ ይህ ግዴታ ብዙ ኪስ ይከፍታል።

አሁን ወደ ድሩፓል፣ በተለይም ወደ ሰባተኛው ስሪቱ ወደ ድሩፓል 7 ልመለስ፣ ምክንያቱም ብዙ ያስተማረኝ እሱ ነው። የወጣው ጥር 5 ቀን 2011 ነው። ትንሽ ማኅበርም ሆነ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራበት፣ አንድ ትጉ ሰው ብቻውን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ነበር። በ2015 ድሩፓል 8 ሲመጣ ውስጡ ከሥር ተገነባ፤ ሲምፎኒ የሚባለውን የፒኤችፒ መሣሪያ ስብስብ መሠረቱ አደረገ፤ የድሮዎቹ ሞጁሎች፣ ማለትም ተጨማሪ መሣሪያዎቹ፣ በአዲሱ ላይ አይሠሩም። ለመሐንዲስ ዓይን አዲሱ የተሻለ ነበር፤ አልክድም። ግን ከ7 ወደ 8 መሄድ አፕዴት ማድረግ ሳይሆን ድረ ገጹን እንደገና መሥራት ሆነ። ገንዘብ ያለው ሠራ። የሌለው እዚያው ተቀመጠ። ድጋፉ በኅዳር 2021 ያበቃል ተብሎ ነበር፤ ወደ 2022 ተገፋ፣ ከዚያ ወደ 2023፣ በመጨረሻም ልክ በአሥራ አራት ዓመቱ ጥር 5 ቀን 2025 ላይ ቆመ። ያን ቀን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ገና በላዩ ነበሩ።

ቀኑ በተገፋ ቁጥር የሚሆነውን በቅርብ አይቻለሁ። አንድ ደንበኛዬ የነበረ ድርጅት የሽግግር ዕቅድ አዘጋጅቶ፣ ገንዘብም መድቦ ነበር። የመጀመሪያው ማራዘሚያ እንደተነገረ ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ ዋለ። በሁለተኛው ማራዘሚያ ዕቅዱን የጻፈችው ልጅ ሥራ ለቀቀች። ሦስተኛው ሲመጣ ሰነዱ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። ማራዘሚያው ለነሱ እፎይታ ሆነ፤ በሌላው ወገን ግን ያረጀ ኮድ ላይ የደኅንነት ማስተካከያ እየጻፉ ተጨማሪ ዓመታት የተሸከሙ ሰዎች ነበሩ። «ጊዜ ተራዘመ» የሚል ማስታወቂያ ስታነቡ የማን ጊዜ እንደተራዘመና ከማን ላይ እንደተወሰደ አስቡ። በነገራችን ላይ፣ ድሩፓል 8 ለትንንሾች አይሆንም ያሉ ሰዎች የ7ን ኮድ ወስደው ባክድሮፕ የሚባል ሶፍትዌር ጀመሩ፤ በ2015 የመጀመሪያውን ስሪት አወጡ፤ እስከዛሬም እየጠበቁት ነው። ስሙን ያልሰማችሁት ገንዘብ ስለሌለው ነው። ዝነኛ አለመሆንና መሞት ለየቅል ናቸው።

ገንዘብ ያለበት ቤትም ሰላም አይደለም። ወርድፕሬስ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው የቆመበት ሶፍትዌር ነው፤ ድሃ ፕሮጀክት ሊባል አይችልም። ነገር ግን በመስከረም 2024 የአውቶማቲክ ኩባንያ መሥራችና ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆነው ሙለንዌግ ደብሊውፒ ኤንጅን የተባለውን የሆስቲንግ ኩባንያ «ከወርድፕሬስ ብዙ ይጠቀማል፣ የሚመልሰው ግን ትንሽ ነው» ብሎ በአደባባይ ወቀሰው፤ የንግድ ምልክት ክርክርም ተነሳ። ከዚያ አፕዴት ከሚወርድበት ማዕከላዊ ሰርቨር የዚያ ኩባንያ ደንበኞች ታገዱ። በታኅሣሥ ፍርድ ቤት እገዳው እንዲነሳ በጊዜያዊ ትእዛዝ ወሰነ፤ በጥር ደግሞ አውቶማቲክ ለፕሮጀክቱ የሚያደርገውን አስተዋጽኦ በእጅጉ ቀነሰ። ማን ትክክል ነው የሚለውን ለጠበቆቹ ልተወው፤ የመዋጮው ቅሬታ ግን ፍሬ አለው። እናንተ የምትይዙት ነገር፣ ምንም የማያውቁ ባለ ድረ ገጾች አንድ ጠዋት ተነስተው ፕለጊናቸውን፣ ማለትም በድረ ገጹ ላይ የጫኑትን ተጨማሪ መሣሪያ፣ ማደስ እንዳቃታቸው ነው። ስለዚህ ስለ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ስለ ቁልፉም ጠይቁ፤ የንግድ ምልክቱ በማን ስም ነው? የአፕዴት ሰርቨሩ የማን ነው? ዶሜይኑስ?

እሺ፣ አንድ ሶፍትዌር ከመምረጣችሁ በፊት ምኑን ታያላችሁ? ሪፖዚቶሪውን፣ ማለትም ኮዱ የሚቀመጥበትን ማከማቻ፣ ክፈቱ። ወዳጆቹ የሰጡትን የኮከብ ብዛት እርሱት፤ ኮከብ ማድረግ ምንም አያስከፍልም። ባለፈው አንድ ዓመት ኮድ ያስገቡትን ሰዎች ስም ተመልከቱ። ከላይ እስከ ታች አንድ ስም ብቻ ከሆነ፣ ድረ ገጻችሁ የቆመው በዚያ ሰው ጤናና ትዳር ላይ ነው። ከአዲሱ የፒኤችፒ ስሪት ጋር ይሠራል ተብሎ ተጽፏል? የመጨረሻው የደኅንነት ጥቆማ በመጣ በስንት ቀን ምላሽ አገኘ? የመጨረሻው ስሪት የቆየ መሆኑ ብቻውን አያስደንግጣችሁ፤ አንዳንድ ትንሽ መሣሪያ ሥራው ስላለቀ ብቻ ዝም ይላል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማምነው የተዘጉትን ጥያቄዎች ማንበብ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ያው ሰው በትዕግሥት አንድ አንቀጽ ሙሉ እያስረዳ ይመልስ ነበር፤ ከዓመት በፊት መልሱ ሁለት መስመር ሆነ፤ ዘንድሮ «አይሠራም፤ ተዘግቷል» ብቻ። ድካም በጽሑፍ ይታያል።

የዚህ ድካም አደጋ እስከምን እንደሚደርስ በመጋቢት 2024 ታይቷል። ኤክስዜድ የሚባል የፋይል መጭመቂያ በብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮች ውስጥ አለ፤ ለዓመታት የሚጠብቀው አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው፣ ያለ ክፍያ ነበር። ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ረዳት መጣ፤ በትሕትና፣ በትጋት ሁለት ዓመት ገደማ ሠራ። በጎን ደግሞ ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች «ለምን ትዘገያለህ፣ ለሌላ አስረክብ» እያሉ ባለቤቱን ይወተውቱት ነበር። በመጨረሻ የጠባቂነቱን ሥልጣን አካፈለው። ረዳቱ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ስሪቶች ውስጥ የጓሮ በር፣ ማለትም ሰርጎ ገብ በስውር የሚገባበት ቀዳዳ፣ ሸሸገ። የተያዘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር ወደ ኮምፒውተሩ መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት «ይሄ ለምን ሆነ?» ብሎ በመቆፈሩ ነው። እዚህ ላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። በነፃ የሚሠራላችሁን ሰው «እስካሁን ለምን አላስተካከልከውም?» ብላችሁ አትጻፉለት። ያንን ሰው በውትወታ ያዳከሙት ሰዎች የተጠቀሙበት መሣሪያ ይኸው ዓረፍተ ነገር ነበር።

መርዳት ከፈለጋችሁ ከትንሹ ጀምሩ፤ አዲስ ነገር ልጨምር አትበሉ። አንድ ያልተፈታ ስህተት ምረጡ፤ ባዶ ድረ ገጽ ላይ፣ ያለ ሌላ ፕለጊን፣ ስህተቱን እንደገና ፍጠሩት፤ የፒኤችፒውን ስሪት፣ የተጫነውን ቁልፍ፣ የወጣውን የስህተት መልእክት በቅደም ተከተል ጻፉ። የሁለት ሰዓት ሥራ ነው፤ ለጠጋኙ ግን አንድ ቅዳሜ ታተርፉለታላችሁ። በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ ልጅ ሥራ አጥቶ አላየሁም፤ ቀጣሪ የሚያነበው የምስክር ወረቀቱን ሳይሆን እዚያ የጻፈውን ነው።

ግን፣ «መጀመሪያ መቀመጫዬን» አለች ዝንጀሮ። ራሳችሁን ሳትችሉ የዓለምን ሶፍትዌር ልሸከም አትበሉ። ጎበዝ ልጆች ሌሊቱን ለማያውቁት ኩባንያ በነፃ ሲሠሩ አድረው ቀን የሚከፈላቸውን ሥራ ሲያበላሹ አይቻለሁ። ለፈቃደኝነት የምትሰጡትን ሰዓት አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ሲያልቅ ኮምፒውተሩን ዝጉ። የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ሥራውን በደመወዝ ሰዓታችሁ ሥሩት፤ ለአለቃችሁ «ይህን እኛ ካላስተካከልነው በሚቀጥለው አፕዴት የእኛው ድረ ገጽ ይሰበራል» በሉት፤ እውነትም ነውና።

መውጫ በሩንም ሳትገቡ እዩት። ባክአፕ አለኝ ማለት አይበቃም፤ ባክአፑን ሌላ ማሽን ላይ ዘርግታችሁ ሲከፈት አይታችኋል? ጽሑፉስ በምን መልክ ነው የተቀመጠው? ገጽ በመጎተት የሚሠሩ አንዳንድ ፕለጊኖች ጽሑፉን በራሳቸው ምልክት ይጠቀልሉታል፤ ፕለጊኑን ያጠፋችሁ ዕለት አንባቢው ፊት የሚቀረው በካሬ ቅንፍ [ ] የተሞላ ትርምስ ነው። የድርጅትን የአሥር ዓመት ጽሑፍ ከእንዲህ ያለ ትርምስ በእጅ መልቀም ምን እንደሚመስል እኔ አውቀዋለሁ፤ እናንተ ባታውቁት እመርጣለሁ።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት ድረ ገጹን በደቂቃ ይጽፍልናል፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ሊቀር ነው» ለምትሉኝ፦ መጻፉ ድሮም ውዱ ክፍል አልነበረም። ውዱ ከተጻፈ በኋላ ያለው አሥር ዓመት ነው። እስካሁን የታየው ደግሞ ጭነቱ ሲጨምር ነው። ከርል የሚባለውን፣ በየሰርቨሩ ያለውን የመረጃ ማስተላለፊያ መሣሪያ የሚመራው ዳንኤል ስቴንበርግ፣ ማሽን የፈበረካቸው የሐሰት የደኅንነት ጥቆማዎች ስለበዙበት ለጠቋሚዎች ይሰጥ የነበረውን የገንዘብ ሽልማት በ2026 መጀመሪያ አቆመ። ሐሰት መሆኑን ለማረጋገጥም እኮ ሰው ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት።

አንዳንዶቻችሁ የራሳችሁን ፕለጊን ጽፋችሁ ሺህ ሰው እየተጠቀመበት ነው። አንድ ቀን ትሰለቹታላችሁ፤ መብታችሁም ነው፤ ማንም ሊወቅሳችሁ አይገባም። አወጣጣችሁ ላይ ግን አትቸኩሉ። በ2018 ኢቨንት ስትሪም የተባለውን የኮድ ጥቅል ባለቤቱ ለጠየቀው ለማያውቀው ሰው አስረከበ፤ ተቀባዩ የቢትኮይን ቦርሳ የሚሰርቅ ኮድ ከተተበት። ስለዚህ ቁልፉን ለመጀመሪያው ትሑት ጠያቂ አትስጡ። የመጨረሻ ስሪት አውጡ፤ መግቢያ ጽሑፉ ላይ ከዚህ ቀን ጀምሮ ጥገና እንደማይደረግለት ጻፉ፤ የምታምኑት ተተኪ መሣሪያ ካለ ስሙን አስቀምጡ፤ ከዚያ ሪፖዚቶሪውን ለንባብ ብቻ አድርጋችሁ ዝጉት። የሚፈልገው ሰው ኮዱን ወስዶ በራሱ ስም፣ በራሱ ኃላፊነት ይቀጥለዋል።